እጅ የሚፈታበት ዕድሜ፦ የምልክት ቋንቋን ለሚሰሙና ለማይሰሙ ሕፃናት ስለ ማስተማር

ሕፃን ልጅ የመጀመሪያዎቹን ቃላት ማውጣት ሲጀምር «አፉን ፈታ» ይባላል፤ ያን ጊዜ የለመደው ቋንቋም ዕድሜውን ሙሉ የአፍ መፍቻ ቋንቋው ተብሎ ይጠራል። መስማት የተሳነው ሕፃን ግን በምልክት ቋንቋ በሚነጋገሩ ሰዎች መካከል ካደገ በቅድሚያ የሚፈታው እጁን ነው። ዕድሜያቸው ሲተያይ አፍ በሚፈታበትና እጅ በሚፈታበት ጊዜ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት የለም። ልዩነቱ ሌላ ነው፤ የሚሰማው ሕፃን ማንም ሳያስብበት ቀኑን ሙሉ በቋንቋ ተከቦ ይውላል፣ የማይሰማው ሕፃን ግን አንድ ሰው አስቦበት ቋንቋን በዓይኑ ፊት ካላቀረበለት በቀር ምንም ሳያገኝ ይመሻል። ቋንቋን በዓይን ፊት ማቅረብ እንዴት ያለ ሥራ እንደሆነ፣ የሚሰሙ ልጆችም በዚህ ሥራ ውስጥ ምን ቦታ እንዳላቸው ለማስረዳት እሞክራለሁ።

በመጀመሪያ የምልክት ቋንቋ ምን እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የምልክት ቋንቋን ንግግር ሲጠፋ በእጅ የሚደረግ ጥቆማ፣ ወይም በአንድ አገር የሚነገረውን ቋንቋ ቃል በቃል ወደ እጅ የገለበጠ ዘዴ አድርጎ ያስበዋል። ሁለቱም ስሕተት ናቸው። ዊልያም ስቶኪ የተባለው የቋንቋ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ የንግግር ቃል በድምፆች እንደሚዋቀር ሁሉ እያንዳንዱ ምልክትም በእጅ ቅርጽ፣ በሚደረግበት ቦታና በእንቅስቃሴ የተዋቀረ ነው፤ ከእርሱ በኋላ የመጡ አጥኚዎች የመዳፉን አቅጣጫና የፊትን ገጽታ ጨምረውበታል። በአሜሪካ የምልክት ቋንቋ አንድ ሰው ጣቶቹን ሁሉ ዘርግቶ በአውራ ጣቱ ጫፍ ግንባሩን ቢነካ «አባት» ማለቱ ነው፤ ያንኑ እጅ ሳይለውጥ አገጩን ቢነካ ደግሞ «እናት» ይሆናል። በንግግር «በላ» እና «በራ» በአንዲት ድምፅ እንደሚለያዩ፣ እነዚህ ሁለት ምልክቶች የሚለያዩት በቦታ ብቻ ነው። ፊትም ከሰዋስው ውጭ አይደለም፤ በዚሁ ቋንቋ ቅንድብ ከፍ ሲል ዐረፍተ ነገሩ «አዎ» ወይም «አይደለም» ተብሎ የሚመለስ ጥያቄ ይሆናል፣ ቅንድብ ወደ ታች ሲቋጠር ደግሞ «ማን»፣ «የት» ወይም «ለምን» የሚል ጥያቄ መጠየቁን ያመለክታል። የምልክት ቋንቋ በዓለም ሁሉ አንድ ነው የሚለው ግምትም ልክ አይደለም፤ የአሜሪካና የብሪታንያ ሕዝቦች በአፍ አንድ ቋንቋ ቢናገሩም የምልክት ቋንቋዎቻቸው እርስ በርስ አይግባቡም፤ የአሜሪካው ይበልጥ የሚዛመደው ከፈረንሳዩ ጋር ነው።

ሕፃናት ይህን የመሰለ ውስብስብ ሥርዓት ማንም መምህር ቆሞ ሳያስተምራቸው ይለምዱታል። የሚሰማ ሕፃን ቃል ከማውጣቱ በፊት «ባ ባ ባ» እያለ በድምፅ እንደሚጫወት የታወቀ ነው። ላውራ ፔቲቶና ፓውላ ማረንቴት እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት ጥናት፣ ከማይሰሙና በምልክት ከሚነጋገሩ ወላጆች የተወለዱ የማይሰሙ ሕፃናት በዚያው ዕድሜ በእጃቸው እንደዚሁ እንደሚጫወቱ አሳይተዋል። ትርጉም የሌለውን የእጅ ቅርጽ በተመጣጠነ ምት ይደጋግሙታል፤ የሚደጋግሙትም ያገኙትን የእጅ እንቅስቃሴ ሁሉ ሳይሆን ከቤታቸው ቋንቋ የቀሰሙትን ነው። አንድ ዓመት ሲጠጋቸው የመጀመሪያው ምልክት ይመጣል፣ ሁለተኛ ዓመታቸውን ሳይጨርሱም ሁለት ምልክት ማገናኘት ይጀምራሉ።

ከዚህ ሁሉ እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ በስሕተታቸው የሚታየው ነገር ነው። በምልክት ቋንቋ «እኔ» የሚባለው ወደ ራስ በመጠቆም፣ «አንተ» የሚባለውም ወደ ሌላው ሰው በመጠቆም ነው፤ ከዚህ የቀለለ ቃል ሊኖር የሚችል አይመስልም። ሆኖም ፔቲቶ እንደመዘገበችው ይህን ቋንቋ እየለመደ ያለ ሕፃን ቀድሞ በደንብ ይጠቁም የነበረ ሆኖ ሳለ፣ ሁለት ዓመት ሊሞላው ሲቃረብ «እኔ» ለማለት ወደ አነጋጋሪው ሰው የሚጠቁምበት ጊዜ ይመጣል፤ ቆይቶ ያስተካክለዋል። የሚሰሙ ሕፃናትም «አንተ» የሚሏቸው ሰዎች ሁሉ እነርሱን ማለታቸው ስለሆነ፣ ቃሉን እንደ ገዛ ስማቸው ቆጥረው ያቀያይሩታል። ጠቋሚው ጣት ለሕፃኑ ተራ ጥቆማ መሆኑን ትቶ ቃል ሆኗል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ቋንቋው በቤት ውስጥ ሲኖር ነው። መስማት ከተሳናቸው ሕፃናት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት የሚወለዱት ከሚሰሙ ወላጆች ሲሆን፣ አብዛኞቹ ወላጆች ከዚያ በፊት የማይሰማ ሰው ቀርበው የማያውቁ ናቸው። ልጃቸው እንደማይሰማ ሲነገራቸው በሐዘንና በግራ መጋባት ውስጥ ሆነው ስለ መስሚያ መሣሪያ፣ ስለ ቀዶ ሕክምና፣ ስለ ንግግር ሥልጠና ይሰማሉ፤ የምልክት ቋንቋ ከተነሳ ብዙውን ጊዜ «ሌላው ሁሉ ካልሆነ» ተብሎ በመጨረሻ የሚነሳ ነው። የእኔ ተቃውሞ እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም የልጅ አእምሮ ለቋንቋ ያለው በር ሰፊ የሆነው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው፣ ሌላው ሁሉ ተሞክሮ እስኪያልቅ ድረስም አይጠብቅም።

የቋንቋ አጥኚዋ ሬቸል ሜይቤሪ ያደረገችው ንጽጽር ይህን በግልጽ ያስረዳል። የምልክት ቋንቋን የለመዱት ልጅነታቸው ካለፈ በኋላ የሆኑ ሁለት ዓይነት ሰዎችን አስተያየች። አንደኞቹ መስማት ተስኗቸው የተወለዱና ከዚያ በፊት የረባ ቋንቋ ያልነበራቸው ናቸው፤ ሁለተኞቹ ሲወለዱ የሚሰሙ፣ የንግግር ቋንቋን የለመዱ፣ በኋላ ግን መስማት ያቆሙ ናቸው። ሁለቱም የምልክት ቋንቋን የጀመሩት በተቀራራቢ ዕድሜ ነበር፤ ረጃጅም ዐረፍተ ነገሮችን በማስታወስና በመረዳት ግን ሁለተኞቹ በግልጽ በልጠው ተገኙ። በሕፃንነት የተለመደ ቋንቋ፣ በድምፅም ይሁን በእጅ፣ ለኋለኛው ቋንቋ ሁሉ መሠረት ይሆናል፤ መሠረቱ በጊዜው ካልተጣለ በኋላ የሚመጣው ትምህርት የሚያርፍበት ያጣል።

ለወላጆች ከዚህ ጋር አብሮ መነገር ያለበት የሚያበረታታ ነገርም አለ። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ በአሜሪካ የተደረገ ጥናት እንዳመለከተው፣ ወላጆቻቸው የሚሰሙ ቢሆኑም እስከ ስድስት ወር ዕድሜያቸው ድረስ የምልክት ቋንቋን ማየት የጀመሩ የማይሰሙ ሕፃናት፣ የቃላት ሀብታቸው ከዕድሜያቸው ጋር የተመጣጠነ ሆኖ ያድጋል። እነዚያ ወላጆች ቋንቋውን ከልጃቸው ጋር አብረው እየተማሩ ያሉ እንጂ የተካኑ አልነበሩም። ዛሬ 20 ምልክት የምታውቅ እናት፣ በሚቀጥለው ወር 100 ካወቀች፣ ከሕፃኗ ፍላጎት ቀድማ መሄድ ትችላለች።

ወላጆችን ወደ ኋላ የሚይዛቸው ትልቁ ፍርሃት «ምልክት ከለመደ መናገር ይሰንፋል» የሚለው ነው። ፍርሃቱ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1880 በሚላኖ የተሰበሰቡ የማይሰሙ ልጆች መምህራን፣ አብዛኞቹ ራሳቸው የሚሰሙ ሆነው፣ በትምህርት ቤት የንግግር ዘዴ ብቻ እንዲሠራበትና ምልክት እንዲቀር ወሰኑ፤ ውሳኔውም ከመቶ ዓመት በላይ በብዙ አገሮች የልጆችን እጅ አስሮ ቆየ። የማይሰሙ ልጆችን ትምህርት የሚመለከተው ይኸው ዓለም አቀፍ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2010 በቫንኩቨር ተሰብስቦ የሚላኖን ውሳኔ ውድቅ በማድረግ በደረሰው ጉዳት መጸጸቱን ገልጿል። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 24 መንግሥታት የምልክት ቋንቋ ትምህርትን እንዲያመቻቹ ግዴታ ጥሎባቸዋል። በእርግጥ ምልክት ንግግርን የሚከለክል ቢሆን ኖሮ ከማይሰሙ ወላጆች የተወለዱ የሚሰሙ ልጆች አፋቸውን ባልፈቱ ነበር፤ እነርሱ ግን ሁለቱንም ቋንቋ ይዘው ያድጋሉ። በቀዶ ሕክምና ውስጠኛው ጆሮ ውስጥ የሚተከለው ኮክሌር ኢምፕላንትም ቢሆን ብዙ ልጆችን ይጠቅማል፤ ሆኖም ከቀዶ ሕክምናው በፊት የሚያልፉ ወራት አሉ፣ ከዚያም በኋላ ጆሮ ከአዲሱ ድምፅ ጋር እስኪላመድ ረጅም ልምምድ ይጠይቃል፣ ሕፃኑ ሲተኛ መሣሪያው ይወልቃል፣ ውጤቱም ከልጅ ልጅ ይለያያል። ከንፈር ማንበብም ብቻውን አይበቃም፤ መስታወት ፊት ቆሞ «ባ»፣ «ፓ»፣ «ማ» ብሎ የሞከረ ሰው ከንፈር ሦስቱን እንደማይለያቸው ወዲያው ያያል። ምልክት በእነዚህ ሁሉ መካከል ልጁ ያለ ቋንቋ የሚቆይበት ቀን እንዳይኖር ያደርጋል።

ወደ ማስተማሩ ስንመጣ፣ ዋናው ቁልፍ ዓይን ነው። አንዲት እናት ለሚሰማ ልጇ የሥዕል መጽሐፍ ስታሳይ ልጁ ወፏን እያየ እርሷ «ወፍ! ወፏ ዛፍ ላይ ናት» ትላለች፤ ዓይኑ በሥዕሉ ላይ፣ ጆሮው በእናቱ ቃል ላይ ነው። የማይሰማ ልጅ ግን ሥዕሉንም ቃሉንም የሚቀበለው በአንድ በር ነው። ስለዚህ በምልክት የምትነግረው እናት ሥዕሉን አሳይታ ትጠብቃለች፤ ልጁ አይቶ ሲጠግብ ራሱ ቀና ብሎ ያያታል፤ ያን ጊዜ «ወፍ» ትለዋለች፤ እርሱም ወደ ሥዕሉ ይመለሳል። ጥበቃው ለሚሰማ ሰው እጅግ ይረዝምበታል። ልጁ ቀና ሳይል ምልክቱን ብትሠራ ግን ሰው በሌለበት ክፍል ውስጥ እንደ መናገር ነው፤ አገጩን ይዛ ወደ ራሷ ብታዞረው ደግሞ ያየውን ነገር ነጥቃዋለች።

የማይሰሙና በምልክት የሚነጋገሩ እናቶች ይህን ችግር የሚፈቱባቸው ብልሃቶች አሏቸው፣ አጥኚዎችም ደጋግመው መዝግበዋቸዋል። ምልክቱን ከራሳቸው ደረት ፊት አንሥተው ልጁ በሚያየው ሥዕል ላይ ይሠሩታል፤ አንዳንዴም በገዛ አካላቸው ፈንታ በልጁ ጉንጭ ወይም ክንድ ላይ ያሳርፉታል። እጃቸው ይሰፋል፣ ይዘገያል፣ ደጋግሞ ይመለሳል፤ ለሕፃን ስንናገር ድምፃችንን እንደምናቀጥነውና እንደምንጎትተው ማለት ነው። ትከሻውን ወይም እግሩን ቀስ ብለው መታ መታ በማድረግ ቀና እንዲል ያስለምዱታል። በተለይ አንድ ነገር ልብ ይነካል፦ ቀደም ሲል «የት» ወይም «ምን» የሚል ጥያቄ ቅንድብን መቋጠር እንደሚፈልግ ተጠቅሷል፤ የተቋጠረ ፊት ግን ለሕፃን ቁጣ ይመስለዋል። ስለዚህ አሜሪካውያን የማይሰሙ እናቶች ልጃቸው ሁለት ዓመት እስኪሞላው ድረስ ሰዋስውን ለፍቅር ሲሉ ይተዉና በፈገግታ ፊት ይጠይቁታል፤ የተቋጠረውን ቅንድብ የሚያመጡት ልጁ ፊትን እንደ ቋንቋ ማንበብ ከቻለ በኋላ ነው። ይህን ማንም አላስተማራቸውም።

ሕፃኑ ራሱ ምልክት ሲሠራ ይሳሳታል፤ ስሕተቱም ሥርዓት አለው። ቦታውን ቶሎ ይይዘዋል፣ የእጅ ቅርጹ ግን ይቸግረዋል፤ ጡጫ፣ የተዘረጋ መዳፍና ጠቋሚ ጣት ቀድመው ይመጣሉ፣ ጣቶችን ማጠላለፍ ወይም ማቆላለፍ የሚጠይቁት ዘግይተው ይደርሳሉ። ከላይ የተጠቀሰውን «እናት» የሚለውን ምልክት በአውራ ጣት ፈንታ በጠቋሚ ጣቱ አገጩን በመንካት ሊሠራው ይችላል። ከእጅ አንጓ ሊመጣ የሚገባውን እንቅስቃሴም ከክርኑ ወይም ከትከሻው ያመጣዋል፤ ትልልቆቹ መገጣጠሚያዎች ቀድመው ስለሚታዘዙት ነው። «ውሃ» ለማለት ሲሞክር «ውአ» ያለን ሕፃን ምላሱን ይዞ የሚያስተካክል ወላጅ እንደሌለ ሁሉ፣ ጣቱን ይዞ መጠምዘዝም አያስፈልግም። ምን ማለቱ እንደሆነ ተረድቶ ምልክቱን በትክክል እየሠሩ መልስ መስጠት ይበቃል።

ብዙ የሚሰሙ ወላጆችና መምህራን እየተናገሩ በዚያው ቅጽበት ምልክት መሥራትን ይመርጣሉ። እንደ መሸጋገሪያ ይገባኛል፤ ሆኖም የሁለት ቋንቋ ሰዋስው በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰው ሊወጣ ስለማይችል፣ ሳይታወቅ የሚጎዳው እጅ ነው፤ ምልክት ይዘለላል፣ ፊት ይረሳል። ልጁ የሚያየው የተቆራረጠ ነገር ይሆናል። በቀን ውስጥ ምግብ የሚቀርብበትን ወይም መጽሐፍ የሚነበብበትን ሰዓት ለምልክት ብቻ መለየት የተሻለ ሆኖ አገኘዋለሁ።

አሁን ወደሚሰሙ ልጆች ልመለስ። የሚሰሙ ሕፃናት አፋቸውን ከመፍታታቸው በፊት «ጨምሪልኝ»፣ «በቃኝ»፣ «ወተት» የሚሉ ጥቂት ምልክቶችን እንዲማሩ ማድረግ በብዙ አገሮች ተለምዷል፤ ልጁን ፈጣንና ብልህ ያደርገዋል ተብሎም ይሸጣል። ጥናቶቹ ይህን ያህል ተስፋ አይሰጡም፤ በቋንቋ ዕድገታቸው ላይ ዘላቂ ብልጫ በጽኑ አልታየም። የታየው ጥቅም እናቶች የልጃቸውን ፍላጎት ይበልጥ በትኩረት ወደ መከታተል መምጣታቸው ነው፣ ይህም ቀላል አይደለም። የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው፦ ያለ ምልክት፣ ቋንቋን ጨርሶ ለማያገኘው ልጅ «ይጎዳዋል» ተብሎ የሚከለከለው ነገር፣ ያለ እርሱም በቋንቋ ለተከበበው ልጅ እንደ ስጦታ ይቀርባል።

ለሚሰማ ልጅ የምልክት ቋንቋ እውነተኛ ጥቅም የሚታየው የሚነጋገርበት ሰው ሲኖረው ነው፤ ይህም የማይሰማ ወንድም ወይም እህት ሲኖር፣ ወይም በመዋዕለ ሕፃናት ሁለቱም አብረው ሲማሩ ነው። በአንድ እንዲህ ያለ ክፍል ያየሁትን ላንሣ። አንድ የማይሰማ የአራት ዓመት ልጅ የእንጨት ኩቦችን እየደረደረ ነበር፤ የሚሰማ ጓደኛው ከኋላው ሆኖ ስሙን ደጋግሞ ጠራው። መልስ ሲያጣ ተቆጥቶ አንዱን ኩብ ገፋው፣ ሕንፃውም ፈረሰ። መምህሯ፣ ራሷ የማትሰማ ስትሆን፣ ማንንም አልገሠጸችም። የሚሰማውን ልጅ እጁን ይዛ ዞር አድርጋ በጓደኛው ፊት አቆመችውና ትከሻውን በሁለት ጣት መታ መታ አድርጎ እንዲጠብቅ አሳየችው። ልጁ መታ አደረገ፤ ጓደኛው ቀና አለ፤ የሚሰማውም ልጅ ምን እንደሚል ስላላወቀ ፈገግ ብሎ ዝም አለ። «እኔም» የሚለውን ምልክት የተማረው በዚያች ደቂቃ ነበር፣ ስለፈለገው ተማረው።

ከዚህ እንደሚታየው ለሚሰሙ ልጆች ከምልክት ዝርዝር የሚቀድም ትምህርት አለ፦ በሰው ፊት መቆም፣ ዓይን እስኪገናኝ መጠበቅ፣ አንዱ ሲናገር ሌላው እጁን መሰብሰብ። ክፍሉም ለዚህ መደራጀት አለበት። ልጆቹ ሁሉም ሁሉን እንዲያይ በግማሽ ክብ ይቀመጣሉ፤ የሚያስተምረው ሰው መስኮትን ከጀርባው አድርጎ አይቆምም፣ ብርሃኑ እጁንና ፊቱን ጥላ ስለሚያደርግባቸው፤ ሁሉንም ለመጥራት መብራቱን ማጥፋትና ማብራት ይለመዳል። ከሁሉ በላይ ግን በቀን ውስጥ ድምፅ የሚያርፍበት የተወሰነ ጊዜ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ የሚሰሙት ልጆች ቀላሉን መንገድ መርጠው እርስ በርስ በአፍ ያወራሉ፣ የማይሰማው ልጅም በመካከላቸው ተቀምጦ ብቻውን ይውላል።

አብሮ ማስተማር በጎ ሐሳብ ሆኖ ሳለ ብዙ ጊዜ የሚከሽፈው በዚህ ምክንያት ነው። አንድ የማይሰማ ልጅ በ30 የሚሰሙ ልጆች መካከል አስቀምጦ አስተርጓሚ መመደብ አብሮ ማስተማር አይደለም። አስተርጓሚ የሚጠቅመው ቋንቋ ያለውን ሰው ነው፤ ቋንቋን ገና እየለመደ ያለ የሦስት ዓመት ልጅ የሚፈልገው በምልክት የሚቆጣው፣ የሚያጫውተው፣ ተረት የሚነግረው ሰው ነው። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ክፍል የማይሰማ አዋቂ በመምህርነት መገኘት አለበት፤ የማይሰሙት ልጆችም እርስ በርስ የሚያወሩ ቢያንስ ጥቂት መሆን ይኖርባቸዋል። ቋንቋ በልጆች መካከል ሲሆን ምን ያህል እንደሚያድግ በኒካራጓ ታይቷል፦ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በማናጓ ቀድሞ ተበታትነው የነበሩ የማይሰሙ ልጆች በአንድ ትምህርት ቤት ሲሰበሰቡ፣ መምህራኑ የስፔን ንግግር ሊያስተምሯቸው ሲደክሙ ልጆቹ በግቢው ጨዋታ ላይ የራሳቸውን የምልክት ቋንቋ ፈጠሩ። ከእነርሱ በኋላ የገቡት ትንንሾቹ ልጆች ደግሞ የተቀበሉትን ይበልጥ ሥርዓት ያለው አድርገው አሳደጉት። ሰዋስውን ያበለጸጉት ትንንሾቹ መሆናቸው የዕድሜን ነገር እንደገና ያስታውሰናል።

ወላጆች ትምህርቱ ፍሬ መያዙን በምን እናውቃለን ብለው ሲጠይቁ፣ ልጁ ያወቃቸውን ምልክቶች ቁጥር መያዝ ደግ ነገር ቢሆንም የሚበልጥ መለኪያ አለ። ምልክቶቹ «ኳስ»፣ «ዳቦ»፣ «ውሻ» ብቻ ሆነው፣ ሁሉም በፊቱ ያለውን ነገር ለመጥራት ከሆኑ፣ ገና በስም ላይ ነው። ብቻውን ተቀምጦ ለአሻንጉሊቱ ምልክት ሲሠራ፣ ለእርሷም ራሱ እየመለሰ ሲያወራ ከታየ ቋንቋው የእርሱ እየሆነ ነው። ከዚያም አንድ ቀን በክፍሉ ውስጥ ስለሌለ ነገር ይናገራል፤ ትናንት ስለዘነበው ዝናብ፣ ወይም ነገ ስለምትመጣው አክስቱ፣ ወይም ስላልሆነ ነገር። ያቺ የማትሰማ መምህር እንዳጫወተችኝ፣ ኩቡን ገፍቶ የነበረው የሚሰማው ልጅ ከወራት በኋላ ታሞ የቀረ ጊዜ፣ የማይሰማው ጓደኛው ባዶውን ወንበር እያሳየ «የት ነው?» ብሎ ጠየቃት፤ ቅንድቡንም እንደሚገባው ቋጥሮ ነበር።